ለባሌ ዋስ የሆኑት ሴት

«ምን አድርገሽው ነው?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው ከሞተ ቆይቷል። የተጠየቅሁበት አዳራሽም ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። መልሱን ግን ዛሬም አላገኘሁትም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አልገባኝ ሲል ተመልሼ ከመጀመሪያው ቃል እጀምራለሁ። ይህኛውንም ስንት ጊዜ እንደዚያ አድርጌ አንብቤዋለሁ። ያን ቀን ሽሮው አልቀዘቀዘም ነበር። ደጅ አልወጣሁም፣ ከማንም ጋር ቆሜ አላወራሁም። ሸሚዙ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ታዲያ ምን አድርጌው ነው? ከዚያ ቀን በፊት ሽሮው የቀዘቀዘበት ቀን ነበር፤ ያን ቀን ደግሞ አልመታኝም። ከዚህ ውስጥ አንድ ሥርዓት ለማውጣት ብዙ ደክሜያለሁ። አልወጣልኝም።

ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነገር ነው። መታወቂያዬን ላሳድስ ወረዳ ሄጄ ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ ያለችው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሻሿን ዝቅ አድርጋ ግማሽ ፊቷን ሸፍናዋለች። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ወጣት ጨዋ ነው፤ አልጮኸባትም፣ አላመናጨቃትም። ቀና ብሎ ግን አላያትም። ሽማግሌ ሞክራችሁ ነበር ወይ አላት። ሞክረናል አለችው። እንግዲያው አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሞክሩ፣ ጉዳዩን የምትይዘው ባለሙያም ስብሰባ ላይ ናት፣ ሰኞ ተመለሺ አላት። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ የሴቶችን ጥቃት በጋራ እንከላከል የሚል ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል፤ ወረቀቱ አዲስ፣ ፊደሉ የሚያምር። እኔ ከልማድ የተነሳ ስሕተት ፈለግሁበት። የለበትም። ልጅቷ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። እኔም ተራዬ ሳይደርስ ተነስቼ ወጣሁ።

ከበሩ ሆኖ ወደ ላይ ሲያዩ እንጦጦ ይታያል። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ እኛ የምንኖረው ከወረዳው ቢሮ ከፍ ብሎ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲጠጉ፣ ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች በተደረደሩበት ግቢ ውስጥ ነበር፤ ኪራዩ የሚከፈለው ለቀበሌ። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶች የተሸከሙት ቅጠል መንገዱን እየጠረገ ስለሚያልፍ ሰፈራችን መጥረጊያ አይገዛም ተብሎ ይቀለድብን ነበር። የባሕር ዛፉ ጢስ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ አውቶቡስ ውስጥ ስንገባ የየት ሰፈር ሰዎች እንደሆንን ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም። አውቶቡሱ አሥራ አምስት ሳንቲም። በአሥር ሳንቲም የሚገዛው ዳቦ ዛሬ ስሙ እንጂ መጠኑ የለም። ወንዶቹ ጸጉራቸውን አጎፍረው በሸራ ጫማ፣ ሹማምንቱ በካኪ፣ እኛ ሴቶች ደግሞ ናይለን ቀሚስ ለብሰን ከላይ ሹራብ እንደርብበት ነበር፤ የጉለሌ ብርድ ናይለን አያከብርም። ከሰዓት በኋላ ከቀበሌው አዳራሽ የኪነት ቡድኑ አኮርዲዮን ይሰማል። ስለ ምርት ዘፈን አላቸው፣ ስለ ዘማቹ አላቸው፣ ሴት ልጅ ከድርብ ጭቆና ስለ መላቀቋም አላቸው። እውነቱን ለመናገር የሴቶቹ ዘፈን ዜማው ከሁሉም ይጥም ነበር። ዛሬም ምስር ስለቅም ሳላስበው አፌ ላይ ይመጣል፤ ግጥሙ ጋ ስደርስ አቆመዋለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ባል ካገባሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። ከፊቴ ባለው አግዳሚ ላይ እትዬ ዘነቡ ይቀመጡ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ለሸማኔ ፈትል እየፈተሉ የሚተዳደሩ፣ ደረታቸውን አስም የሚይዛቸው ሴት ናቸው። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ያደረጓቸው ድምፃቸው ያለ ማይክ አዳራሹን ስለሚሞላ ይመስለኛል። አስተማሪዋ ልጅ ቁጣ ቁጣ ሲላት፣ «አንቺ ልጅ፣ ፊደሉ እኔን እስኪለምደኝ ታገሺው» ይሏት ነበር። እኔ ቶሎ ያዝኩ። ማታ ማታ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየዘረጋሁ አነባለሁ። እትዬ ዘነቡ ይህን ሲሰሙ፣ «እኛ ስኳሩን ስንልስ እሷ ወረቀቱን ትልሳለች» ብለው አዳራሹን ሙሉ አሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ያኔ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍን ነበር።

ስኳሩ የሚመጣው ከባሌ ነው። ባሌ ደምሴ የኅብረት ሱቁ ሻጭ ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የዛሬ ልጆች ላይገባቸው ይችላል። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ አቡጀዲ ሳይቀር በቀበሌ ካርድ በሚገኝበት ዘመን ከዚያች ትንሽ መስኮት ወዲያ የሚቆም ሰው ቀላል ሰው አይደለም። አልቋል ካለ አልቋል። ለአንዳንዱ ግን በጓሮ በር አያልቅም። የፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ ሚስት፣ የጸሐፊው እህት፣ የአብዮት ጠባቂዎቹ እናቶች፣ ሁሉም የሚሰለፉት እዚያች መስኮት ፊት ነው፤ «ጓድ ደምሴ» ሲሉት ድምፃቸው ይለሰልሳል። እሱም ሰው አክባሪ ነበር፤ ለአሮጊት ወንበር ያወጣል፣ ነፍሰ ጡር ከወረፋ ያስቀድማል። ሱቁ በምሳ ሰዓት ይዘጋል። የሚመታኝ በምሳ ሰዓት ነው። ከዚያ እጁን ይታጠባል፣ ይበላል፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ላይ ሰክቶ ወደ መስኮቱ ይመለሳል።

ከግድግዳችን ወዲያ ጋሽ ዳና የሚባሉ ከጋሞ የመጡ ሸማኔ ነበሩ። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው ሲሠሩ የመወርወሪያው ድምፅ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመላለስ ይውላል፤ ግቢው ሰዓት የሚያውቀው በእሱ ነው። ሸማኔ ክር ሲበጠስበት ያቆማል፣ ይቀጥላል፤ ያ አጭር ነው። ደምሴ ሲመታኝ ግን መወርወሪያው ቀጥ ይልና ጋሽ ዳና ይስላሉ። ጉንፋን የሌለበት ሳል። በባልና በሚስት መካከል አይገባም፤ መሳል ግን አልተከለከለም። አንዳንዴ ደምሴ ሳሉን ሲሰማ እጁን ይመልስ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን መንግሥቴ ማን ነበር ብትሉኝ የጋሽ ዳና ሳል ነው የምላችሁ።

ግራ እጄ የተሰበረ ዕለት ሳሉ አላዳነኝም። ወጌሻው አሽቶ በቀርከሃ ካሰረልኝ በኋላ እትዬ ዘነቡ መጡ። የታሰረውን እጄን አዩት፣ ነጠላቸውን አጣፉ። ሸንጎው በሚቀመጥበት ቀን ያንኑ ፊደል የቆጠርኩበትን አዳራሽ በር አስገቡኝ። ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከኋላው ሦስት ጓዶች፤ ደምሴ ከፊት ቆሟል፣ ሸሚዙ እኔ የተኮስኩት ነው። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ደክሞት ነበር። ከእኛ በፊት የአጥር ክርክር አይቷል፣ ከእኛ በኋላ ሌላ ይጠብቀዋል። እጄን ተመለከተና ጠየቀኝ።

«ምን አድርገሽው ነው?»

እኔ ጥያቄ ሲጠየቅ አስቦ መመለስ ነው የሚገባ ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ስለዚህ ማሰብ ጀመርኩ። ሽሮውን አሰብኩ፣ ሸሚዙን አሰብኩ። ሳስብ ጊዜው ሄደ። ከሦስቱ አንዱ፣ «ይኸው፣ ዝም አለች» አለ። እትዬ ዘነቡ ከኋላዬ፣ «ጓድ፣ ስብራቱም የሷ ጥፋት ነው?» አሉ። ሰብሳቢው ተቆጣ ማለት አይቻልም። አብዮቱ በሰሜን በምሥራቅ ስንት ጠላት እያለበት ሸንጎው የባልና የሚስት ጉዳይ ላይ ጊዜ ማጥፋት እንደማይችል፣ ቢሆንም ሴቶች የአብዮቱ ክንድ ስለሆኑ ጉዳዩን በቸልታ እንደማያልፈው፣ በረጅሙ አስረዳን። መፍትሔ ያለውን ከዚያ በኋላ ተናገረ፤ ጓድ ደምሴ ሁለተኛ እጁን እንዳያነሳ ዋስ ይጥራ፤ ቢያነሳ ግን መጀመሪያ የሚታሰረው ዋሱ ነው። ደምሴ ደስ እያለኝ አለ። ማን ይሆንልሃል ተባለ። ዞር ብሎ አዳራሹን ሲያይ፣ እትዬ ዘነቡ ብድግ አሉ።

«እኔ እሆነዋለሁ» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ፤ ከሳሽ ይዛ የመጣች ሴት ለተከሳሹ ዋስ ስትሆን ታይቶ አይታወቅም። እሳቸው ግን አስበውበታል። በመንገድ ላይ አስረዱኝ። ሰው ሚስቱን ይመታል፤ ዋሱን ግን አያሳስርም። ዋስህን አሳስረህ የት አገር ትኖራለህ? ማን ያበላሃል፣ ማን ይቀብርሃል? እሳቸው ባደጉበት አገር ነፍስ የገደለ እንኳ ዋሱን አይከዳም። «እጁን ከእጄ ጋር አሰርኩልሽ» አሉኝ። ደግሞም ደስ ያላቸው ሌላ ነገር ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በጣታቸው ነበር የሚፈርሙት፤ ያን ቀን ስማቸውን በራሳቸው እጅ ጻፉ። «ዘ»ን ሲጽፉ ምላሳቸውን ወደ ጎን አውጥተው ነበር። ከፈረሙ በኋላም ወረቀቱን ቶሎ አልለቀቁትም።

ለጥቂት ጊዜ እውነትም ተወ። ምሳውን በልቶ ይወጣል። እኔ እንኳ ማመን ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ እንደገና መታኝ፤ ሲጨርስ ሳይቆጣ፣ ድምፁንም ሳያነሳ፣ «ሂጂ ክሰሺ። ባልቴቷን ያስሩልሻል» አለኝ። እትዬ ዘነቡ ያላዩትን እሱ አይቶታል። እሱ ከጎኑ ሸንጎው አለ፣ ስኳሩ አለ። የኔን አፍ የሚዘጋ ነገር አልነበረውም፤ አሁን አገኘ። የቀበሌው እስር ቤት ከአዳራሹ ጀርባ ያለ የድሮ መጋዘን ነበር፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚያቁር። በዚያ ጊዜ ለአንድ ቀን ተብሎ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። እትዬ ዘነቡ ደረታቸውን ሲያማቸው በደረቅ ቤት ውስጥ እንኳ ተቀምጠው ያድራሉ። እዚያ ቢገቡ ምን እንደሚሆኑ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሰብሳቢውም ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ በሴቶች ጉዳይ ጠንካራ መሆኑን ለማሳየት መጀመሪያ የሚያስረው ሴት ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓት ጆሮዬ ከግድግዳው ወዲያ ነው። መወርወሪያው እየሄደ ከሆነ ጋሽ ዳና አልሰሙም፤ እሳቸው ካልሰሙ ግቢው አልሰማም፤ ግቢው ካልሰማ እትዬ ዘነቡ አይሰሙም፣ ሄደውም ራሳቸውን አያሳስሩም። የሹራቤን እጅጌ ነክሼ ያ ድምፅ እንዳይቆም እጠብቅ ነበር። አንድ ጊዜ ቆመ። እኔም ቆምኩ፣ ደምሴም ቆመ፤ ሁለታችንም አንገታችንን ወደ ግድግዳው አዘንብለን አብረን ሰማን። ክር ተበጥሶባቸው ነው፤ ቀጠለ። ከዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ እኔና ባሌ አንድ ነገር አብረን ያደረግነው ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

በሴቶች ቀን የአቋም መግለጫውን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ አነባበቤ ያማረ ነው ተብሎ። ሙቀት ነበር፣ እኔ ግን እጅጌ ሙሉ ለብሻለሁ። በቤትም በመሥሪያ ቤትም የሴቶች መብት እንደሚከበር፣ ጥቃት አድራሾችም እንደማይታለፉ፣ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥቡን ጠብቄ አነበብኩት። አጨበጨቡ። ደምሴ ከፊት ወንበር ላይ ነበር፤ ለእንግዶቹ የመጣውን ለስላሳ እሱ ነው ያከፋፈለው። እትዬ ዘነቡ እልል አሉ።

ነፃ ያወጣኝ ሕግ አይደለም፣ መግለጫም አይደለም። ሹመት ነው። ደምሴ በመልካም ጠባዩ ተመሰከረለትና ወደ አንድ ክፍለ ሀገር ከተማ የመደብር ኃላፊ ሆኖ ተዛወረ። መጥቼ እወስድሻለሁ አለኝ። አልመጣም፤ እዚያው ሌላ አገባ፤ እሷን ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። እኔ የማታ ትምህርቴን ቀጠልኩ፣ ከልጆች ጋር ተፈትኜ አለፍኩ፣ አንድ ማተሚያ ቤት አራሚ አድርጎ ቀጠረኝና እዚያው ጡረታ ወጣሁ። ደርግም ሄደ። ቀበሌ ወረዳ ሆነ፣ ሸንጎው ሌላ ስም ወጣለት፣ ቀዩ ጨርቅ ተነስቶ ኮምፒውተር ተቀመጠበት። የጋሽ ዳና ልጆች ሽሮ ሜዳ ሱቅ ከፍተዋል። እኔ ስለ ምሳ ሰዓቱ ለማንም ሳልናገር አረጀሁ። መጀመሪያ ለእትዬ ዘነቡ ብዬ ነው፤ በኋላ ደግሞ ማን ይጠይቀኛል? ዝምታ ልብስ ይሆናል፤ ሲያረጅም አይጣልም።

እንግዲህ ከወረዳው ወጥቼ መታወቂያዬን ሳላሳድስ ሽሮ ሜዳ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ነጠላ ልገዛ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እትዬ ዘነቡ የእህታቸው ልጅ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ሳሙኝ፣ አገላብጠው ሳሙኝና ወደ ውስጥ ተጣሩ።

«ነይ እያት! ይቺ ናት ያልኩሽ። ባሏን በአንድ ፊርማ ልክ ያስገባሁላት።»

ይህን ታሪክ በልቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ በሰርግ ሰምቼዋለሁ፣ በማኅበር ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። የሚኮሩበት ነገር ብዙ የላቸውም፤ ልጅ አልወለዱም፣ ቤታቸውም የቀበሌ ነው። ይህች አንዷ ነበረቻቸው። የእህታቸው ልጅ ነጠላ እየዘረጋች ሳቀችልኝ። እኔ ያቺ ልጅ ሻሿን ስታስተካክል ታየችኝ። ሰኞ ተመልሳ ስትመጣ ባልሽ ዋስ ይጥራ ይሏት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ አንዲት ደግ ሴት ብድግ ትል ይሆናል። አጠገባቸው ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ» አልኳቸው። «ደምሴ አልተወም ነበር።»

«ምኑን?»

«መምታቱን። እርስዎ ዋስ ከሆኑ በኋላም ይመታኝ ነበር። እስኪሄድ ድረስ።»

መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ እንደማልችል ትዝ ሲላቸው ሳቁ ፊታቸው ላይ ቀረ። «ድምፅ ሰምቼ አላውቅም እኮ» አሉ።

«እንዳይሰሙ አድርጌ ነው።»

«ለምን ልጄ?»

«እርስዎን እንዳያስሩብኝ።»

የእህታቸው ልጅ የዘረጋችውን ነጠላ ማጠፍ ጀመረች።  እትዬ ዘነቡ ሊያለቅሱ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሱም። እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው አውራ ጣታቸውን ሌባ ጣታቸው ላይ ማሸት ያዙ፣ ፈትል እንደሚያከርር ሰው።

«ሸንጎው ከዚያ በኋላ እኔን ይጠራኝ ነበር» አሉ። «ሴት ልትከስ በመጣች ቁጥር፣ እትዬ ዘነቡን ጥሯት፣ እሷ ዋስ ትሁን ይል ነበር። እሄድና እፈርማለሁ። ለብርቄ ባል ፈርሜያለሁ። ለዚያ ለአናጢውም። ለአስካለ ባል፣ ለጎሚስታውም ፈርሜያለሁ። አንዳቸውም ተመልሰው አልከሰሱም። እኔ ደህና ሆነው መስሎኝ።»

በርጩማዬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ። 

«አስካለ አለች?» አሉኝ።

አለች አልኳቸው፤ ዊንጌት ልጇ ጋ ነው የምትኖረው፣ ባሏ ከሞተ ቆየ። ተነሱ። ደግፌ አስነሳኋቸው፤ የእህታቸው ልጅ እትዬ ፀሐዩ፣ እትዬ ደረትዎ ብትልም አልሰሟትም። ሚኒባስ አስቆምኩ። ሹፌሩ የፊቱን ወንበር አስለቀቀላቸው። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞረው ስም ሲጠሩ ሰማኋቸው፣ የማላውቃት ሴት ስም ነው።

የአስካለ ልጅ ቤት ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም። በሩ ጋ ስንደርስ ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ክንዴን ያዙኝ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ።

«እኔ አልጠይቃትም» አሉ። «ለእኔ ብላ አፏን ዘግታ ከሆነ፣ ብጠይቃትም አትነግረኝም። አንቺ ቅደሚ። ለእኔ የነገርሽኝን ንገሪያት።»

አንኳኳሁ።